የመጨረሻዋ እርከን

ከደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ በቀር ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። በሙያ ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ «ጋሼ መጨረሻ» ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸው አያውቅም። ነገ ግንበኛ፣ አናጺና በያጅ ለሚሆኑት ልጆች ሂሳብ ሲያስተምሩ፣ አንዱ በስሌቱ መሀል ቁጥሩን ከርክሞ ሊያሳጥር ሲል ካዩ፣ ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «መጨረሻ ላይ! ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ!» ብለው ይጮሃሉ። ከነጥብ በኋላ ተግተልትለው የሚመጡትን አሃዞች «ጅራት» ነው የሚሏቸው። «ጅራቱን ይዘህ ሂድ፤ አይነክስህም» ማለት ይወዳሉ።

ባለቤታቸውም በሰፈሩ የራሳቸው ቅጽል ስም ነበራቸው፤ «እትዬ ይበቃል»። ሰው ቤት ሄደው ገና ሳህን ሲነሳ «ይበቃል»፣ ሻይ ሲቀዳላቸው «ይበቃል»፣ ባላቸው ለልጃቸው የቤት ሥራ ሲያስረዱ ነገር ሲያስረዝሙ «ኧረ ይበቃል፣ የልጅቷን ራስ አታዙረው»። ጎረቤት ሁለቱን ጎን ለጎን ባየ ቁጥር ይስቃል። «እሳቸው ይበቃል ይላሉ፣ ጋሼ ደግሞ ገና መጨረሻው አልደረሰም ይላሉ፤ እንዴት ነው አንድ ቤት የሚኖሩት?» ይባላል። ይኖሩ ነበር እንጂ፤ ያውም ደኅና አድርገው።

ጋሼ መጨረሻ በየዓመቱ በጉጉት የሚጠብቁት አንድ ትምህርት ነበራቸው። ያን ቀን ወንበሮቹን ወደ ጥግ ያስገፋሉ። የክፍሉን ርዝመት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያስለካሉ፤ የተገኘውን ለቆሙት ተማሪዎች ቁጥር ያስካፍላሉ፤ የሚመጣው ቁጥር መቼም ጅራት አያጣም። «በሉ እንደለመዳችሁት አድርጉት» ይላሉ። ተማሪዎቹም ጅራቱን ቆርጠው ይጥሉና ድፍኑን ቁጥር ይዘው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀጭን ጣውላ በዚያው ልክ በመጋዝ ይቆርጣሉ። ጣውላዎቹ ወለሉ ላይ ጫፍ ለጫፍ ይደረደራሉ። የመጨረሻው ጣውላ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ያኔ ጋሼ መጨረሻ የጫማቸውን አፍንጫ ክፍተቱ ውስጥ ከተው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

«ማነው የሰረቀኝ?»

«እኔ የለሁበትም ጋሼ! እኔ የቆረጥኳት ጥፍሬን ብታህል ነው።»

«የኔማ ከሱም ታንሳለች!»

«ጥሩ፣ ሁላችሁም ንጹሕ ናችሁ። ታዲያ ይሄ ጉድጓድ ከሰማይ ወረደ?»

ክፍሉ ይስቃል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እያንዳንዳችሁ የወሰዳችሁት ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠይቃችሁም። የሚከፍለው መጨረሻ ላይ የቆመው ነው።»

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በዚያ ትምህርት ቀን፣ መጨረሻ ላይ የቆመው ጥድፊያ የሚሉት ልጅ ነበር። እናቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማይተናነስ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ጣውላቸውን ሲደረድሩ እሱ ክፍተቱን አስቀድሞ አየ። ማንም ልብ ሳይለው ሌላ ጣውላ አነሣ፤ ከሁሉም አስረዝሞ ቆረጠና በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ ከግድግዳው ጋ ስንቅር አደረገው።

«ጋሼ፣ ገጠመ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጋሼ መጨረሻም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ! ሂሳቡን ትተህ ግድግዳውን ፈታኸው!» አሉት። የማለፊያ ውጤትም ሰጡት። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ቸኮለ እንጂ።

ጥድፊያ ተመርቆ ግንበኛ ሆነ፤ ውሎ አድሮም በሥሩ ሠራተኞችን የሚያዝ ሰው ወጣው። ልብስ ሰፊዋን የጋሼ መጨረሻን ልጅ አገባ። ሰርጉ እንዳለፈ አማቱን ጠርቶ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ሰጥተውኛል፤ እኔ ደግሞ ፎቅ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቀልድ አልነበረም። ከሥራ መልስና በዕረፍቱ ቀን እየሠራ ከአሮጌው ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ክፍል አወጣ፤ በጓሮ በኩልም በገዛ እጁ የአርማታ ደረጃ ሠራ። እትዬ ይበቃል ሥሩ ቆመው ውሃ ያቀብሉት ነበር። «እማዬ» ነበር የሚላቸው። ያን ቃል ለሌላ ሰው ብሎት አያውቅም።

ደረጃው ሲያልቅ ባልና ሚስቱ ፎቁን ሊገቡበት ቤተሰቡ ተሰልፎ ወጣ። ከታች ጀምሮ ጥሩ ነው። የመጨረሻዋ እርከን ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ደንቀፍ አላት፣ እናቷ ደንቀፍ አላቸው፣ ጋሼ መጨረሻም የጫማቸው አፍንጫ ተመታ።

«ይቺ የመጨረሻዋ ሰው ትፈትናለች» አሉ እትዬ ይበቃል እየሳቁ።

እየቆየ እግራቸው ለመዳት። እንግዳ መጥቶ ሲደናቀፍ ግን መሳቂያ ነው። «እንግዳ መሆንህን ተናገረችብህ!» ይሉታል። ጋሼ መጨረሻ ሜትራቸውን ከኮታቸው ኪስ ለይተው አያውቁም፤ የትምህርት ቤቱን መስኮት፣ የጎረቤትን አጥር፣ የገበያውን ጠረጴዛ ሁሉ የለኩ ሰው ናቸው። ያቺን ደረጃ ግን አልለኳትም። ልጅ በፍቅር የሠራልህን ነገር ሜትር ይዘህ ብትዞረው ምን ይልሃል? እንዲህ ብለው ተዉት።

ክረምቱ የገባ ሰሞን አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። እትዬ ይበቃል የልጃቸውን አንሶላዎች አጥበው ነበርና ፀሐይዋ ሳትሄድባቸው እፎቁ ሰገነት ላይ ሊያሰጧቸው እርጥቡን በሳፋ ሞልተው ታቅፈው ወጡ። ሳፋው እግራቸውን ከለላቸው። የመጨረሻዋ እርከን ላይ ጣታቸው ተመታ። ሳፋውን ለማዳን ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛቸው ነገር አልነበረም።

ሰው ያለውን አለ። «ደረጃው እርጥብ ነበር።» «ዕድሜም እኮ ነው።» «ምን ይደረግ፣ የቀን ጎደሎ ነው።» ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና አልጋ ላይ ዋሉ፤ መተኛቱ ደግሞ ሳምባቸውን አሳመመው። አንድ ቀን ልጃቸው በማንኪያ ሾርባ እያቀመሰቻቸው «ይበቃል» አሉ። በዚያ ቤት ለዚያ ቃል ሳይሳቅ የቀረው ያን ጊዜ ነው። ዝናቡ ሳያባራ አረፉ።

ልጅቷ ከለቅሶው በኋላም ልቧ አልተመለሰም። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጨርቁን እንደያዘች ትቀራለች። «አንሶላው የኔ ነበር» ትላለች። «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ ማለት አቅቶኝ ነው? እማዬን የገደላት የኔ አንሶላ ነው።»

«ዝናቡ ነው ልጄ» ይላሉ ጋሼ መጨረሻ። «ደረጃው እርጥብ ነበር።» እሳቸውም እንደዚያ ነበር የሚያምኑት።

ከቀብሩ ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ሥራ ሄደው ሳለ ጋሼ መጨረሻ ብርድ ልብሶቻቸውን ሊያናፍሱ ታቅፈው ወደ ፎቁ ወጡ። እግራቸውን አያዩም ነበር። የመጨረሻዋ እርከን መታቻቸው። ብርድ ልብሱ ከእጃቸው ሾለከ፤ እሳቸው የግድግዳውን ጠርዝ ይዘው ተረፉ። እዚያው ቁጭ አሉ።

ደረጃው ደረቅ ነበር። ቀኑ ብራ ነበር።

እጃቸው ሳያዙት ኪሳቸው ገብቶ ሜትሩን አወጣ። ወርደው ከታች ጀመሩ። አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባት። እየወጡ ሲለኩ ሁሉም እኩል እየሆነ ሲሄድ ደስ ሊላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ እንግዲያው ቀኗ ደርሶ ነው፣ ማንም የለበትም ሊሉ። የመጨረሻዋ ላይ ሜትሩን ዘረጉ። ሃያ። አጠፉትና እንደገና ዘረጉት። ሃያ።

ወረቀት አላስፈለጋቸውም። ከፍታው ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት፣ እርከኑ አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት ነጥብ አንድ ስምንት ሰባት አምስት። ጥድፊያ ጅራቱን ቆርጦ ጥሎ በአሥራ ሰባት ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ ላይ ሲደርስ ከየእርከኑ የቀረው ፍርፋሪ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጠበቀው። ያን ደግሞ ምን እንዳደረገው አላጡትም። የመጨረሻዋን አስረዝሞ ገጠማት። ያ የክፍሉ ሳቅ ጆሯቸው ላይ መጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የራሳቸው ሳቅ ነበር።

ብርድ ልብሱን ሳያናፍሱ አጣጥፈው መለሱት።

ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩ ምን ሊፈይድ? የሞተችው አትነሳ። ልጁ እናት ብሎ የያዛት እሷን ብቻ ነው፤ ልጃቸውስ ከእንግዲህ የባሏን እጅ እንዴት ታያለች? አንድ ቤት ፈርሶ ሌላው ይድገም? እንዲህ እያሉ ዋጡት። ዋጡት ማለት ይቀላል። ልጅቷ «አንሶላው የኔ ነበር» ባለች ቁጥር ከጉሮሯቸው ይመለሳል፤ እንደገና «ዝናቡ ነው» ይላሉ።

ማሰልጠኛው ውስጥ ተማሪዎች ለውጡን አዩት። የማጠጋጋት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ጋሼ መጨረሻ ሁለት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠርተው አለፉት።

«ጋሼ፣ ጣውላውስ? ታላላቆቻችን ሁሉ የሚያወሩት እሱን ነው» አለች ከፊት የምትቀመጥ አንዲት የአናጺነት ተማሪ።

«ዘንድሮ ጣውላ የለም።»

«ኧረ ወርክሾፑ ሞልቶታል!»

«የለም አልኩሽ እኮ!» ሲሉ ጠመኔያቸው እጃቸው ላይ ተሰበረ። ክፍሉ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ተቆጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ጊዜ እንዲህ እየሄደ ሳለ አንድ ቀን እራት ላይ ጥድፊያ ከስንት ወር በኋላ ፊቱ ፈካ ብሎ መጣ። ከገበያው ማዶ የሚሠራውን የሕፃናት ትምህርት ቤት ደረጃ እንዲሠራ ለሱ ሰጥተውታል። የእንጨት ቅርጹን፣ እነሱ ካሳፎርማ የሚሉትን፣ ጨርሶ አቁሞታል፤ በማግስቱ አርማታ ይሞላበታል።

«ባለ አንድ ፎቅ ነው ጋሼ። ሕፃናቱ በሱ ነው የሚወጡት።»

«ከፍታው ስንት ነው?» አሉ ጋሼ መጨረሻ ቀና ሳይሉ።

«ሦስት ሜትር ከአሥር። አሥራ ስምንት እርከን።»

«እያንዳንዱ ስንት መጣ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ድፍን?»

«ጋሼ ደግሞ!» ሳቀ ጥድፊያ። «ጅራት ነበረችው፣ ቆረጥኳት። ያቺማ ላይ ስትደርስ ትስተካከላለች። የቀረውን የወለሉ ሊሾ ይውጠዋል።»

ሃያ አንድ፣ አሉ ጋሼ መጨረሻ በልባቸው። የዚያኛው የመጨረሻዋ ሃያ አንድ ትሆናለች፤ ከዚችኛዋም ትብሳለች። ቦርሳ ያዘሉ፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ፣ ደወል ሲደወል እግራቸውን የማያዩ ልጆች ታዩአቸው።

«አንድ ጊዜ ብትለካትስ?»

«አባዬ፣ እስቲ በሰላም ይብላ» አለች ልጃቸው። «ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ብናየው...»

ጋሼ መጨረሻ ወደ ምግባቸው ተመለሱ። የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ደግሞ እሷ ፊት ሊሉት አልቻሉም።

በማግስቱ ጠዋት ክፍላቸውን ለባልደረባቸው አደራ ብለው ወደ ሥራው ቦታ ሄዱ። አሸዋ ተቆልሏል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል፣ ማደባለቂያው መጮህ ጀምሯል። ሠራተኞቹ ግማሾቹ የድሮ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

«ጋሼ መጨረሻ መጡ! ዛሬ ፈተና አለ እንዴ?»

«ይቺ መልሷን የማላውቃት ጥያቄ ናት ጋሼ፣ ይዝለሉኝ!»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። በፌሮው ብረት መሀል እየተጠነቀቁ በካሳፎርማው ላይ ወጡና የመጨረሻዋን ለኩ። እንዳሉት ሃያ አንድ ነበረች።

«ልጄ፣ ይሄ ይፈታ» አሉ ወርደው።

ጥድፊያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ሠራተኞቹን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ መሐንዲሱ አይቶ ፈርሞበታል። ሰው ቆሟል፣ ማሽኑ ተነሥቷል። ለአራት ሳንቲ ሜትር?»

«አራት አይደለችም። የአሥራ ስምንቱ ፍርፋሪ ነው። እየው፣ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት ሁለት ሁለት እያለ ይሄዳል...» ከመሬት ቁራጭ ጣውላ አንሥተው እርሳሳቸውን አወጡ።

«ልጆች ይዘላሉ እንጂ ሜትር ይዘው አይወጡም። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ አሁን ተማሪዎ አይደለሁም።»

ማደባለቂያው አጠገብ አንዱ ፉጨቱን አቆመ። ሌላው አካፋውን ተደግፎ ወደነሱ ያይ ጀመር። ጋሼ መጨረሻ የጥድፊያን ክንድ ይዘው ከአሸዋው ክምር ጀርባ ወሰዱት።

«የቤታችን የመጨረሻዋ ሃያ ናት» አሉ።

«ምን?»

«ሌሎቹ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ናቸው። እሷ ሃያ ናት። ለክቻታለሁ።»

ጥድፊያ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱ አይተውት የማያውቁት ዓይነት ሆነ።

«እርጥብ ነው ብለው ነበር። ለሷም ለኔም... ዝናቡ ነው ብለውን ነበር እኮ!»

«ብያለሁ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ጥድፊያ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። በሲሚንቶ የደረቀውን እጁን ገልብጦ አየው።

«አይቻት ነበር» አለ። «ስጨርስ አይቻት ነበር። ሦስት ሳንቲ ሜትር እንደተረፈች አውቄ ነበር። አፍርሼ ልመልሰው ብዬ ነበር። እማዬ ከሥር ውሃ ይዛ ቆማ፣ ይበቃል አሁን፣ ውረድና እረፍ፣ አለችኝ። እኔም በቃ አልኩ።»

ጋሼ መጨረሻ ጠጋ ብለው ትከሻውን ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱ ግን ተነሥቶ ነበር። ማደባለቂያውን አስጠፋ። መዶሻ ይዞ ካሳፎርማው ላይ ወጣና ከላይ ጀምሮ መፍታት ያዘ። ሠራተኞቹ ጮሁ፣ ተራገሙ፣ አንዱ «ሰውዬው አብዷል» አለ። እሱ አልመለሰላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ግድግዳው ላይ አቁመው ምልክት አደረጉበት። ጋሼ መጨረሻ ሙሉውን ቁጥር ከነጅራቱ እያበዙ ይነግሩታል፤ እሱ ምልክቱን ሲያሰምር ብቻ ያጠጋጋል። አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። ሠላሳ አራት ነጥብ አራት።

«ሃምሳ አንድ ነጥብ ሰባት።»

«ስድስት አይደለም?» አለ ጥድፊያ። «በአሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት ብንደምር...»

«የተቆረጠውን አትደምር። ከመጀመሪያው ጅራቱን ይዘህ ና።»

እንዲህ እያሉ ምልክት በምልክት ወደ ላይ ወጡ። ምልክቱ ጣውላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ልክ ሦስት ሜትር ከአሥር ላይ አረፈ። «ገጠመ» ያለ አልነበረም።

ለሚስቱ የነገራት ጥድፊያ ራሱ ነው፤ ያኑ ዕለት፣ ገና የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ። ጋሼ መጨረሻ ጓሮ ተቀምጠው ከላይ የሚሰማውን ጠበቁ። ጩኸት ጠብቀው ነበር። ጩኸት የለም። ቆይታ ልጃቸው ወረደች፤ የመጨረሻዋን እርከን በእጇ ግድግዳ ይዛ በጥንቃቄ ተሻግራ ወረደችና ፊታቸው ቆመች።

«መቼ ለካሃት?»

ነገሯት።

«እሱ እማዬን የጣለቻት ያቺ መሆኗን አላወቀም። የሱን እኔና እሱ እንጨርሰዋለን» አለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «አንተ ግን ታውቅ ነበር። አንሶላው የኔ ነው እያልኩ ፊትህ ሳለቅስ፣ በየቀኑ፣ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺ አይደለሽም፣ ማለት አቃተህ?»

«ቤትሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው ልጄ።»

«እኔስ?»

ጋሼ መጨረሻ ይህንን አላሰቡትም ነበር። የሞተችውን አስበዋል፣ ልጁን አስበዋል፣ ትዳሩን አስበዋል። በየቀኑ ከሷ ላይ የሚቆርጡትን ትንሽ ነገር ግን አልደመሩትም።

በሳምንቱ ባልና ሚስቱ ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይተው ወጡ። ዕቃቸው ወርዶ ሲያልቅ ጥድፊያ ደረጃውን በመዶሻ አፈረሰው፤ አንድም ሠራተኛ አላስገባም። «በትክክለኛው ልክ መልሼ እሠራዋለሁ ጋሼ» አለ። ምልክት ያደረገበትን አዲስ ጣውላም ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ። አልተመለሰም። የፎቁ በር ዛሬም ወደ ባዶ አየር ይከፈታል፤ ሲነፍስ ይንቋቋል። ልጃቸው አልፎ አልፎ በመንገድ ታገኛቸዋለች፤ «ደኅና ነህ አባዬ?» ትላለች፤ «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ትሄዳለች።

የሕፃናቱ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ጋሼ መጨረሻ ወደ ሥራ ሲሄዱ በአጥሩ በኩል ያልፋሉ። ደወሉ ሲደወል ቆም ይላሉ። ልጆቹ እየተገፋፉ ሲወጡ የእግራቸው ኮቴ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ለማረጋገጥ ገብተው ወጥተውት ግን አያውቁም።

በሁለተኛው መንፈቅ ወንበሮቹን ወደ ጥግ አስገፉ። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው፤ ያችው የአናጺነት ተማሪ ወርክሾፕ ሮጣ ጣውላ አመጣች። ለኩ፣ አካፈሉ፣ ጅራቱን ቆረጡ፣ ደረደሩ። መጨረሻ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች። ጋሼ መጨረሻ ጫማቸውን ሊከቱ ቀረብ ሲሉ ክፍተት የለም። ልጅቷ የራሷን ከሁሉም አስረዝማ ቆርጣው ኖሯል።

«ጋሼ፣ ገጠመልኝ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ሞተ። ጋሼ መጨረሻ ጎንበስ ብለው ከግድግዳው ጋ የተሰነቀረውን ጣውላ በእጃቸው ሲያላቅቁ አዩአቸው። ጠብቆ ነበርና ጊዜ ወሰደባቸው።

«ሁላችሁም ጣውላችሁን አንሡ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንደገና ከመጀመሪያው እንቆርጣለን።»